መሣሪያዎች መነጋገር የጀመሩበት ዘመን፦ ከላብራቶሪ ጠረጴዛ እስከ እንጦጦ

የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች ስለ ሙያችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ቴሌ እጽፋለሁ ብለው ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን በየላብራቶሪው ጠረጴዛ ጀርባ ተንጠልጥሎ ማንም ልብ የማይለውን አንድ ወፍራም ገመድ መረጥኩ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጫፎቹ ላይ 24 እግር ያለው ሶኬት አለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይሰካል፣ በሁለት ብሎን ይጠብቃል። ኮምፒዩተር መለኪያ መሣሪያን «ይህንን ለካ፣ ውጤቱን ንገረኝ» ብሎ የሚያዝዘው በእሱ ነበር።

ለምን ስለ ገመድ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ከሲ.ኤም.ሲ ሚካኤል ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ስንል የምናየው የእንጦጦ ሸንተረር ነው። ዛሬ እዚያ ላይ ወጣት ባለሙያዎች በቴሌስኮፕና በሳተላይት የሚሠሩት ሥራ፣ በሐሳቡ፣ ከዚህ ገመድ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳስብ ነው። ይህንን ገመድ የሚያውቁ ሰዎች ጡረታ እየወጡ፣ ገመዱ የሚያዝዛቸው መሣሪያዎች ደግሞ «አርጅተዋል» እየተባሉ ወደ መጋዘን እየገቡ ነው። የብዙዎቹ ዕድሜ ግን አላለቀም፤ ያለቀው ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ነው።

ሰው ራሱ ገመድ በነበረበት ጊዜ

የምህንድስና ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም መለኪያ ማለት ባለመርፌ ነገር ነበር። ከመርፌው ሥር ቀጭን መስታወት አለ፤ መርፌውና የመስታወት ምስሉ አንድ ላይ እስኪገጥሙ ድረስ አንገትን አስተካክሎ ማንበብ ግድ ነው። ያ ልማድ ከኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች በኋላም ለብዙ ዓመት ቆይቷል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ግራፍ ይሠራል፤ አራተኛው እንግዲህ ማታ ሪፖርቱን ይገለብጣል። መረጃው ከመሣሪያው ወደ ወረቀት የሚሄደው በዓይን፣ በአፍና በእጅ ነበር። ገመዱ ሰው ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1957–58 የተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ሆኖ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከተማዋ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ሥራውን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ፤ በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሰባስበው አሳትመዋል። በዚያ ዘመን መግነጢስና መንቀጥቀጥ የሚመዘገቡት በብርሃን ነበር። ትንሽ መስታወት የብርሃን ጨረር ቀስ ብሎ በሚዞር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ትጥላለች፤ ወረቀቱ በማግስቱ ጨለማ ክፍል ገብቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌሊቱን ምን እንደሆነ የሚታወቀው።

እነዚያ መሣሪያዎች እጅግ ታማኞች ነበሩ። ግን መናገር እንጂ መስማት አይችሉም። ባለሙያው የሚችለው የጻፉትን መቀበል ብቻ ነው፤ «አሁን በሌላ ስኬል ለካልኝ» ብሎ ከሩቅ ሊያዝዛቸው አይችልም።

16ቱ ሽቦዎች

በውጭው ዓለምም ችግሩ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲጂታል ቮልት መለኪያዎች እየተስፋፉ ሲመጡ አንዳንዶቹ ቁጥራቸውን በሽቦ ማውጣት ቻሉ። ሆኖም እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ሶኬት፣ የራሱ የሽቦ አደራደር ነበረው። አምስት መሣሪያ ከኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት አምስት የተለያየ ካርድ መሥራት ይጠይቃል። የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች ይህን ለማስቀረት ለዓመታት ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ጄራልድ ኔልሰንና ዴቪድ ሪቺ የተባሉት በኩባንያው መጽሔት ላይ መፍትሔውን አስነበቡ። ኩባንያው ኤች.ፒ.-አይ.ቢ ብሎ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ቁጥር 488 ብሎ ደረጃ አወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ዘንድ ጂ.ፒ.አይ.ቢ በሚል ስም ታወቀ።

«ባስ» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን «ለሁሉም» ከሚለው የመጣ ነው፤ ከተማ ውስጥ የምንሳፈርበት አውቶቡስም ከዚያው ነው ስሙን ያገኘው። ኮንትራት ታክሲና አንበሳ አውቶቡስን አስቡ። የቀድሞው አሠራር ለእያንዳንዱ መሣሪያ ኮንትራት ታክሲ መያዝ ነበር፤ አዲሱ ሁሉንም በአንድ መስመር የሚያሳፍር አውቶቡስ ሆነ። እስከ 15 መሣሪያ በአንድ መስመር ይሰካል፣ የገመዱ ጠቅላላ ርዝመት ከ20 ሜትር አይበልጥም፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከ0 እስከ 30 ባለው ውስጥ የራሱ የአድራሻ ቁጥር አለው።

ከ24ቱ እግሮች 16ቱ ሥራ አላቸው፤ የቀሩት የመሬትና የመከላከያ ናቸው። ከ16ቱ ስምንቱ ፊደሉን ያስተላልፋሉ። አምስቱ ሥርዓት አስከባሪ ናቸው። አንደኛው «ጸጥታ፣ ትእዛዝ እየመጣ ነው» ይላል። ሁለተኛው ሁሉንም ወደ መነሻቸው ይመልሳል። ሦስተኛው መሣሪያውን ከፊት ቁልፎቹ አላቆ ለኮምፒዩተሩ ያስረክበዋል። አራተኛው እንደ ተማሪ እጅ ማውጫ ነው፤ ሥራውን የጨረሰ ወይም ችግር የገጠመው መሣሪያ በእሱ «እኔን ስሙኝ» ይላል። አምስተኛው የመልእክቱ መጨረሻ መድረሱን ያበስራል።

ሥርዓቱ የስብሰባ ሥርዓት ነው። ሰብሳቢው ኮምፒዩተሩ ነው፤ «አንተ ተናገር፣ እናንተ አድምጡ» እያለ ዕድል ይሰጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ ብቻ ይኖራል፣ አድማጮች ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የቀሩት ሦስት ሽቦዎች ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ «መጨባበጥ» ይሉታል። ተናጋሪው አንድ ፊደል ከማውጣቱ በፊት አድማጮቹ ሁሉ ዝግጁ መሆናቸውን ያያል። አንዱ እንኳ «አልደረስኩም» ካለ ሽቦው ዝቅ እንዳለ ይቆያል፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። ሁሉም ሲዘጋጁ ፊደሉ ይወጣል፤ ተናጋሪው «ይኸው» ይላል። ከዚያም የመጨረሻው አድማጭ «ተቀበልኩ» እስኪል ድረስ ፊደሉ አይነሳም። ማዕድ ላይ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሳይቀርብ እንጀራው እንደማይቆረሰው ነው። በዚህ ምክንያት ፈጣኑ አዲስ መሣሪያና ዘገምተኛው አሮጌ መሣሪያ በአንድ ገመድ ላይ ያለ ጠብ ይኖራሉ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከአድማጮቹ ዘገምተኛው ነው። የ1970ዎቹን ቮልት መለኪያ ከዛሬ ኮምፒዩተር ጋር ማነጋገር የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ከሽቦ ወደ ቋንቋ

ሽቦው አንድ ሆነ እንጂ ቋንቋው ገና አልተስማማም ነበር። አንዱ አምራች የቀጥታ ቮልቴጅ ለካ ለማለት «ኤፍ 1» ይላል፣ ሌላው ሌላ ፊደል ይጠቀማል። ገመዱ አገናኝቶ አነጋገራቸው የተለያየ ጎረቤታሞች አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 የደረጃው ሁለተኛ ክፍል፣ 488.2 የሚባለው፣ ወጥቶ ሁሉም መሣሪያ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ትእዛዞችን ደነገገ። ከእነዚህ በጣም የምወደው በኮከብ ምልክት የሚጀምረውና በጥያቄ ምልክት የሚያልቀው «አይ ዲ ኤን» ነው። ትርጉሙ «ማነህ?» ማለት ነው። መሣሪያው አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩንና የውስጥ ፕሮግራሙን እትም ይመልሳል። ሌላው «አር ኤስ ቲ» ነው፤ ወደ ታወቀ መነሻ ተመለስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አምራቾቹ ተሰባስበው ስኪፒ በሚባለው የጋራ ቋንቋ ተስማሙ። «ሜዠር፣ ቮልቴጅ፣ ዲሲ» ብለህ በሁለት ነጥብ እያያያዝክ ጽፈህ በጥያቄ ምልክት ከዘጋኸው፣ አምራቹ ማንም ይሁን ቋንቋውን የሚችል መልቲሜትር ለክቶ ቁጥሩን ይነግርሃል።

ሁለት ነገር ግን ሁልጊዜ ወጣቶችን ያስቸግራል። መጀመሪያ፣ ዓረፍተ ነገሩ መዘጋት አለበት። አራት ነጥብ የሌለውን ዓረፍተ ነገር አንባቢ እንደሚጠብቀው፣ መሣሪያውም የመስመር መጨረሻ ምልክት ካልደረሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ተማሪው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። ሁለተኛው፣ ጠይቆ መልሱን ሳያነቡ ሌላ መጠየቅ ነው። መሣሪያው የመጀመሪያውን መልስ ጥሎ ስህተት ይመዘግባል። ከሰው ጋርም ቢሆን ጠይቆ መልስ አለመስማት ነውር አይደል?

እኛ ጋ የደረሰው

ወደ አገራችን እነዚህ መሣሪያዎች የመጡት በብዙ በር ነው፤ በእርዳታ፣ በፕሮጀክት፣ በግዥ፣ ከምዕራብም ከምሥራቅም። ለዚህም ነው ዛሬ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተለያየ ሶኬት የምናየው። አውሮፓውያኑ ደረጃውን 625 ብለው ሲቀበሉት ባለ 25 እግር ሶኬት መርጠው ነበር፤ የሶሻሊስቱ ጎራ አገሮችም ተመሳሳዩን አይ.ኤም.ኤስ-2 ብለው ይጠቀሙበት ነበር። ባለ 25 እግሩ ሶኬት በመልኩ የኮምፒዩተር ሲሪያል ሶኬት ስለሆነ እንዳይሳሳት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነገር ግን ውስጡ ያው ቋንቋ፣ ያው መጨባበጥ ነው፤ በትክክለኛ ማገናኛ ይግባባሉ።

በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ታሪክ ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት መሣሪያና ኮምፒዩተር አብሮ ይገዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ኮምፒዩተሩ ይሞታል። አዲሱ ኮምፒዩተር የድሮውን ካርድ መሰኪያ የለውም። ማኑዋሉ የት እንደገባ አይታወቅም፣ የሠለጠነው ሰው ተዛውሯል። ንብረት ክፍል «የማይሠራ» ብሎ ይመዘግባል፤ መሣሪያው ሲበራ ግን ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን መጋዘን ጐብኝቼ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ ብዙዎቹ መለሱልኝ።

ሲ.ኤም.ሲ የምንለው የሰፈራችን ስም ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። ሦስቱ ፊደላት የራቬናው የጣልያን ተቋራጭ፣ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ፣ ስም ምኅጻር ናቸው። ዛሬ ታክሲ ረዳቱም፣ ነዋሪውም ፊደላቱን ይጠራል፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለሰፈር ስም ይህ ጉዳት የለውም። ለመሣሪያ ግን ፊደሉ ቀርቶ ትርጉሙ ከጠፋ ብረት ብቻ ይቀራል።

የባትሪው ጉዳይ

ነገሩ ተራ ናፍቆት እንዳይመስል አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ላንሳ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የሂውሌት ፓካርድ 3478ኤ መልቲሜትር በብዙ ዓለም ላብራቶሪዎች አሁንም ይሠራል። ይህ መሣሪያ የካሊብሬሽን ቁጥሮቹን፣ ማለትም እውነተኛ ቮልት የሚያደርጉትን የማስተካከያ ቁጥሮች፣ የሚያስቀምጠው በትንሽ ሊቲየም ባትሪ በሚጠበቅ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ። መሣሪያው ይበራል፣ ግን የሚናገረው አይታመንም። እንደገና ለማስተካከል ደረጃቸውን የጠበቁ ምንጮች ያሉት የካሊብሬሽን ላብራቶሪ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ነው፣ ወደ ውጭ ከተላከም የውጭ ምንዛሪ ነው።

ደግነቱ ቁጥሮቹን ባትሪው ሳያልቅ በባሱ ማንበብ ይቻላል። በተጠቃሚ ማኑዋሉ ውስጥ ጎልቶ ያልተጻፈ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ደብሊው» የምትባለው አንዲት ፊደልና አንድ የአድራሻ ባይት። ለ256ቱ አድራሻዎች አንድ በአንድ ከተጠየቀ፣ መሣሪያው እያንዳንዱን ቁጥር ይመልሳል። ሥራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ፋይሉን በጥንቃቄ ካስቀመጡ በኋላ ባትሪው ይቀየራል፤ ቁጥሮቹ ቢጠፉም በመሣሪያው ፊት ላይ ያለውን የካሊብሬሽን ቁልፍ በጠመንጃ መፍቻ አዙሮ መልሶ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው እንደው የቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የጊዜ ነው። ዛሬ ያልተነበበ መሣሪያ የዛሬ ዓመት ላይነበብ ይችላል። በአገራችን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሥራው የአገሪቱን መለኪያዎች ከዓለም አቀፍ ደረጃ ጋር ማገናኘት ነው። እኛ የመሣሪያዎቻችንን ትውስታ ሳናጠፋ ከደረስን ለእነሱም ሥራ ይቀልላል።

መሣሪያውም ውድ አይደለም። የድሮው ካርድ በዩ.ኤስ.ቢ ማገናኛ ተተክቷል፤ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ደግሞ በአርዱይኖ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ፣ ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ማገናኛ አለ። ፓይተን የሚያውቅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ወደ እንጦጦ

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ነገሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. በተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ግፊት ሲሆን፣ ኦብዘርቫቶሪው በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያ ቴሌስኮፕ ዓይኑን የሚያስጠጋ ሰው የለም፤ ባለሙያው ከክፍሉ ሆኖ የኮከቡን አድራሻ ይጽፋል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ካሜራው ይከፈታል፣ ምስሉ ይመለሳል። አድራሻ፣ ትእዛዝ፣ መጠበቅ፣ መልስ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ነበረች፤ መሐንዲሶቻችን ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውባታል፤ የምድር ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ሁለተኛዋ ተከተለቻት።

እስቲ ሥራውን አስቡት። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትበር ሳተላይት ከአድማስ እስከ አድማስ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ትእዛዙ ይላካል፤ መድረሱ ይረጋገጣል፤ ካልደረሰ ይደገማል፤ ያልተረጋገጠ ትእዛዝ እንደ ተፈጸመ አይቆጠርም። 20 ሜትር የነበረው ገመድ የሬዲዮ ሞገድ ሆነ እንጂ «ዝግጁ ነህ? ይኸው። ተቀበልክ?» የሚለው ያው ነው። ጣቢያው ራሱም የሬዲዮ ምልክቱን የሚፈትሹ መሣሪያዎች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም ዛሬ በኔትወርክ ገመድ ይታዘዛሉ፣ ቋንቋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ስኪፒ ነው።

ታሪኩን ጠቅለል አድርገን ካየነው፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው የፎቶ ወረቀት ዘመን የማድመጥ ዘመን ነበር፤ የእንጦጦው ዘመን የማዘዝ ዘመን ነው። ከማድመጥ ወደ ማዘዝ የሚያሻግረውን ሙያ አብዛኛው ሰው የሚማረው ሳተላይት ላይ አይደለም። ሳተላይት ላይ መሳሳት አይፈቀድም። የሚማረው ቢሳሳት አጥፍቶ ሊያበራው በሚችለው አሮጌ መልቲሜትር ላይ ነው። ያንን መልቲሜትር ወደ መጋዘን ስንልክ የምናጣው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ።

ምን እናድርግ

ለዚህ ሐውልት አያስፈልግም፣ ትልቅ በጀትም አልጠይቅም። በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየላብራቶሪው ያለ ባለ 24 ወይም ባለ 25 እግር ሶኬት መሣሪያ ካለ አራት ነገር መዝግቡልን፦ ሞዴሉን፣ የተቀመጠበትን የአድራሻ ቁጥር፣ የጀርባውን ፎቶና ማኑዋሉ ያለ መሆን አለመሆኑን። የካሊብሬሽን ትውስታው በባትሪ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ቁጥሮቹን አንብባችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የመምህራን ባልደረቦቻችን ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የፕሮጀክት ርዕስ ሲፈልጉ ይህንኑ ቢያስቡት መልካም ነው፤ የአንድ ዲፓርትመንት መሣሪያዎችን በአንድ ባስ አገናኝቶ ማናገር ሙሉ የሴሚስተር ሥራ ይወጣዋል። ጡረታ የወጣችሁ ደግሞ፣ እነዚያን ትእዛዞች በቃላችሁ የምታውቁ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ስጧቸው። እኔ ለሚቀጥለው ስብሰባችን ማገናኛውንና ገመዱን ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ መሣሪያውን አምጡ።